ከባለ 4 ክር ወደ ባለ 5 ክር ቤዝ ልሻገር ወይ? (ባሕር ዳር ያላችሁ ቤዚስቶች)

ቤዝ ዘጣና

ሰላም ለዚህ ቤት። ቤዝ ጊታር የምትጫወቱ ሰዎች ሐሳብ ያስፈልገኛል።

ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ከባንድ ጋር እሠራለሁ። ወቅቱ ሲሆን ደግሞ ሠርግ አለ። እስካሁን የያዝኩት ባለ 4 ክር ነው፤ እጄም ጆሮዬም የለመደው እሱን ነው። አሁን አንድ ጓደኛችን ከተማ ሊቀይር ስለሆነ ባለ 5 ክሩን ሊሸጥልኝ ፈልጓል። ዋጋው አይጎዳም።

ያስቸገረኝ ይሄ ነው። የኛ ድምፃውያን ኪይ (የሚዘፍኑበት የድምፅ ከፍታ) ይለያያል። አንዷ ልጅ አብዛኛውን ሥራዋን በኢ ፍላት ነው የምትዘፍነው። ሌላው “ዲ አርጉልኝ” ይላል። ባለ 4 ክር ላይ ወደ ታች የመጨረሻው ድምፅ ኢ ነው። ስለዚህ የኢ ፍላት ዘፈን ሲመጣ ኤ ክር 6ኛ ፍሬት (ኔኩ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ እወጣለሁ። ያኔ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ከኔ በታች ይገባል። ቤዙን የያዝኩት እኔ ሆኜ ታችኛው ድምፅ ግን የሱ ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

ታዲያ ልውሰደው? የኔኩ ስፋትስ? ደግሞ አንድ ክር ሲጨመር ሳይነካ የሚጮኽ ነገር ይበዛል ሲሉ ሰምቻለሁ። የምታውቁትን ንገሩኝ።

የሽምብጡ ቤዚስት

ውሰደው ወንድሜ። ምክንያቱን ግን በደንብ እንየው።

ብዙ ሰው ባለ 5 የሚገዛው ለወፍራሙ ድምፅ ብሎ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ጥሩ ነው፤ ጥቅሙ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ትልቁ ጥቅም እጅህ አንድ ቦታ ተረጋግቶ መቀመጡ ነው።

ከወፍራሙ ጀምረህ ስትቆጥር ክሮቹ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁሉ እኩል ነው። ስለዚህ የምታውቀው የጣት አቀማመጥ ሁሉ እንዳለ ይሠራል፤ አዲስ የሚጠና ቅርጽ የለም። ለምሳሌ የትዝታ ሜጀር ቅኝትን በኢ ፍላት እንውሰድ። ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ። አሁን የምትመታው ኤ ክር ላይ 6 እና 8፣ ዲ ክር ላይ 5 እና 8፣ ጂ ክር ላይ 5 እና 8 ነው አይደል? ባለ 5 ላይ ደግሞ ቢ ክር 4 እና 6፣ ኢ ክር 3 እና 6፣ ኤ ክር 3 እና 6። ቅርጹ ያው ነው፤ ድምፁ ግን አንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ በወፍራሙ እስኪደገም ያለው ርቀት) ወርዷል። አራት ፍሬት ውስጥ ሁሉም አለቀ።

ያ ዲ የሚለው ድምፃዊም ቢሆን ችግር የለም። የባቲ ማይነር ቅኝት በዲ ሲሆን ቢ ክር 3 እና 6፣ ኢ ክር 3 እና 5፣ ኤ ክር 3 እና 5። እጅህ ንቅንቅ አይልም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልህ። ባለ 5 ላይ ከ5ኛ እስከ 9ኛ ፍሬት ባለው ቦታ ብቻ፣ ከታችኛው ኢ ጀምሮ ሁለት ሙሉ ኦክታቭ አለህ። ዘፋኟ መሀል ላይ “ግማሽ ከፍ በሉ” ብላ በጣቷ ብታሳይህ፣ እጅህን አንድ ፍሬት ታሳልፋለህ፤ አለቀ። ባዶ ክር (በግራ እጅ ሳይጫኑ የሚመታ) ስለማትነካ የሚቀየር ነገር የለም። ሠርግ ላይ የሠራ ሰው ይሄ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ያውቃል።

የኪቦርዱ ጉዳይ ግን በክር ብዛት አይፈታም። ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። አንተ ባለ 5 ይዘህ ቢ ክር ላይ ስትወርድ እሱም በግራ እጁ እዚያው ከወረደ ሁለታችሁም አትሰሙም፤ የሚሰማው ጭቃ ነው። ልምምድ ላይ ግራ እጁን ከመሀለኛው ሲ በታች እንዳያወርድ ጠይቀው። በክብር ጠይቀው፤ ብዙዎቹ ኪቦርዲስቶች ቤዚስት በሌለበት ባንድ ስላደጉ ነው እንጂ ክፋት የለባቸውም።

ክራርና ቤዝ

ጋሼ የተናገሩትን አከብራለሁ፤ እኔ ግን አይስማማኝም።

የባህል ባንድ ውስጥ ቤዝ ክራር እመታለሁ፤ ዘመናዊው ባንድ ሲጠራኝ ደግሞ ባለ 4 ቤዝ ይዤ እሄዳለሁ። የጎጃም ችክችካ ስትጫወት ታች መውረድ ይጠቅማል ብዬ አላምንም። 6/8 ላይ ከበሮው ራሱ ወፍራም ነው። ቤዙ ከከበሮው በላይ ጥርት ብሎ ሲሄድ ነው ትከሻ የሚነሳው። ቢ ክር ላይ ረዘም ያለ ድምፅ ከያዝክ የሚቀጥለውን የከበሮ ምት ትሸፍነዋለህ። እስክስታ የሚወርደው ሰው ደግሞ የሚፈልገው ያንን ምት ነው።

የድሮዎቹን ሥራዎች አዳምጥ። የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ የመታቸውን መስመሮች ስማ። ያ ሁሉ ውበት ያለው መስመሩ ውስጥ ነው፤ በታችኛው ድምፅ አይደለም።

ኢ ፍላት ካስቸገረህ ክሮቹን ሁሉ ግማሽ ድምፅ አውርዳቸው። ባዶው ወፍራም ክር ኢ ፍላት ይሆናል። ገንዘብህም ኪስህ ውስጥ ይቀራል።

የሽምብጡ ቤዚስት

ስለ ችክችካው ያልከው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። ባለ 5 መያዝ ማለት ግን ሁልጊዜ ታች መዋል ማለት አይደለም። ችክችካ ላይ እኔም ወፍራሙን ክር አልነካውም፤ አውራ ጣቴን አሳርፍበታለሁ እንጂ። ቀስ ያለ ትዝታ ሲመጣ፣ ሬጌ ሲመጣ፣ ያኔ እወርዳለሁ።

ግማሽ ድምፅ ማውረዱም ለኢ ፍላት ይሠራል። ዲ የሚለው ድምፃዊ ሲነሳስ? መድረክ ላይ ቆመህ እንደገና ልትቃኝ ነው? ደግሞ የሁሉም ድምፅ ቦታ በአንድ ፍሬት ስለሚዘዋወር፣ ባንዱ “ጂ” ሲል አንተ በሐሳብህ “ጂ ሻርፕ” ማለት አለብህ። ለአንድ ምሽት ይቻላል፤ ኑሮ ግን አይሆንም።

ቤዚስቷ

ስለ እጅ የሚናገር ሰው ስላልመጣ እኔ ልናገር። እጄ ትንሽ ነው፤ ባለ 5 ነው የምጫወተው። ስለዚህ ስፋቱ አያስፈራህ። የተለመደው የጃዝ ቤዝ ኔክ ከላይ፣ ነቱ (ክሮቹ የሚያርፉበት የኔኩ ጫፍ) ጋ፣ 38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ባለ 5 አብዛኛውን ጊዜ 45 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ያን ያህል ነው። የሚረዳህ የግራ አውራ ጣትህን ከኔኩ ጀርባ መሀል ላይ ማድረግ ነው። ኔኩን በመዳፍህ ጨብጠህ አውራ ጣትህ ከላይ ብቅ የሚል ከሆነ ቢ ክር ላይ አትደርስም፤ አንጓህም ይታመማል።

ከባዱ ሥራ ያለው ቀኝ እጅ ላይ ነው። የጠየቅከው የጩኸት ነገር እውነት ነው። ይህን ሞክር፦ ኤ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ቢን ምታና ወዲያው በግራ እጅህ አፍነው። ድምፁ አይቆምም። ወፍራሙ ክር ሳትነካው እየተንቀጠቀጠ ነው። በጣትህ ጫፍ ንካው፤ ንዝረቱ ይሰማሃል። ያ በትልቅ ስፒከር ሲወጣ ዘፈኑን በሙሉ ያደበዝዘዋል።

መፍትሔው የቀኝ አውራ ጣትህን ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ያለው ድምፅ ተቀባይ) ላይ መትከል ማቆም ነው። ቢ ክርን ስትመታ ብቻ ፒክአፕ ላይ ይሁን። ኢ ክርን ስትመታ አውራ ጣትህ ቢ ላይ ይረፍ። ኤን ስትመታ ኢ ላይ ይውረድና ጎኑ ቢን ይደገፈው። ዲ እና ጂ ላይ ስትደርስ አውራ ጣትህ ኤ ላይ ይደርሳል፤ ከላይ ያሉት ሁሉ ጸጥ ይላሉ። መጀመሪያ ይከብዳል። አምፕ ሳትከፍት አትለማመደው፤ ሳይከፈት ጩኸቱ አይሰማህምና የተሳካልህ ይመስልሃል። ዝቅ አርገህም ቢሆን ክፈተው። ቀስ ብለህ፣ በሜትሮኖም፣ ከቢ እስከ ጂ ውጣና ውረድ። በየክሩ መሀል ፍጹም ጸጥታ እስኪኖር ድረስ።

ሌላው የኔ ጠንካራ ምክር፦ ባለ 4ቱን ለጊዜው ቦርሳው ውስጥ ክተተው። ሁለቱን እያቀያየርክ ከጀመርክ ጣትህ “ከላይ የመጀመሪያው ክር ኢ ነው” የሚለውን ልማድ አይተውም። ኢ ብለህ ቢ ትመታለህ።

የሽምብጡ ቤዚስት

እህቴ ስለ አውራ ጣቱ ያልሽው ወርቅ ነው። ባለ 4ቱን መክተቱ ላይ ግን እንለያያለን። ልጁ ቅዳሜ ሥራ አለው። ሰው ሠርጉን ለልምምድ አይሰጥም። ሁለቱንም ይዞ ይሂድ፤ ቀስ ያሉትን ሦስት አራት ዘፈኖች በባለ 5፣ ቀሪውን በለመደው።

ቤዚስቷ

ጋሼ፣ እርስዎ ሁለቱንም ስለሚችሉ ነው። ለጀማሪ እጅ እኔ አሁንም አልመክርም። ሥራ ላይ ይዞት ይውጣ፤ አስቸጋሪ ዘፈን ሲመጣ ቢን ትቶ በቀሪዎቹ አራት ክሮች ብቻ ይጫወት። መሣሪያው ግን አንድ ይሁን።

ሳውንድማን

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ሳውንድ ነው የምሠራው። ማንም ስላላነሳው ላንሳው።

ባለ 5 ገዝቶ መጥቶ “ቢ ክሬ አይሰማም” የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መሣሪያው ጤነኛ ነው። መጀመሪያ የማየው ሚክሰሩን ነው። በየቻናሉ ላይ ከጌይኑ አጠገብ ትንሽ በተን አለች፤ ሎው ከት ትባላለች። እንደ ሚክሰሩ ዓይነት ከ75 ወይም ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ትቆርጣለች። ለማይክ ጥሩ ናት። የኢ ክር ድምፅ 41 ኸርዝ ነው፤ የቢ ክር 31 ኸርዝ ያህል ነው። በተኗ ከተጫነች የገዛኸው ነገር ሁሉ እዚያ ቀረ። መድረክ ከመውጣትህ በፊት “የቤዝ ቻናል ሎው ከት ይጥፋ” በለው።

ሁለተኛ፣ ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ ስትጫወት ግድግዳ የለም። አዳራሽ ውስጥ ወፍራም ድምፅ ከግድግዳና ከጥግ ተመልሶ ይደምቃል። ውጭ ላይ ተበትኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሰብ ዉፈር (ለወፍራም ድምፅ የተሠራ ስፒከር) ከሌለ ቤዝህን በመጨመር ለመሙላት አትሞክር። ስፒከሩ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲዘል በዓይንህ ታየዋለህ፤ ድምፅ ግን አይወጣም፤ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ይልቁንም ከ100 እስከ 250 ኸርዝ ያለውን ትንሽ ከፍ አርገው። ሰው የቤዙን ዜማ የሚለየው እዚያ ነው።

ፔዳ ግቢ

ሳውንድማን ያለው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ልጨምር። ቢ ክር ስትመታ 31 ኸርዝ ብቻ አይደለም የሚወጣው። 62ም፣ 93ም፣ ከዚያ በላይም አብሮ ይወጣል። ስፒከሩ ታችኛውን ባያወጣው እንኳ ጆሯችን ከላይኞቹ ተነስቶ ታችኛውን ይሞላዋል። በገናን አስቡት። ጅማቱ ሥር የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዝራው፣ ነው ያንን የሚንዝር ድምፅ የሚሰጠው፤ ወፍራሙ ጅማት በትንሽ ቤት ውስጥም እንዲሰማ የሚያደርገው እሱ ነው። ቢ ክር ላይም የላይኞቹ ድምፆች ጥርት ካላሉ ድምፁ ደብዛዛ ነው። ለዚህ ነው ያረጀ ቢ ክር የማይረባው።

ክራርና ቤዝ ላነሳው ደግሞ ትንሽ ታሪክ። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ባለ 4። ፌንደር በ1965 ባለ 5 አወጣ፤ አምስተኛው ክር ግን ወደ ላይ የተጨመረ ሲ ነበር። ብዙም አልገፋም። ወደ ታች ቢን የጨመረው ባለ 5 በ1970ዎቹ አጋማሽ ከጂሚ ጆንሰንና ከአሌምቢክ ጋር ነው የሚነሳው። በ1980ዎቹ ሲንተሳይዘር ከኢ በታች መውረድ ሲጀምር ቤዚስቶች ተከተሉ። ሙዚክ ማን ስቲንግሬይ 5ን በ1987 አወጣ። ማለትም ቤዝ ዘጣና ከኪቦርዲስቱ ጋር የገጠመው ጉዳይ፣ ባለ 5 በዓለም እንዲስፋፋ ያደረገው ያው ጉዳይ ነው።

ክራርና ቤዝ

ይሄን ታሪክ ወድጄዋለሁ። አቋሜን ባልቀይርም ሬጌና ቀስ ያለ ትዝታ ላይ ጥቅሙ ይገባኛል።

አዲስ ገቢ

እኔ ገና ልጀምር ነው። በቀጥታ በባለ 5 ብጀምር ክፋት አለው?

ቤዚስቷ

የለውም። ጥሩ መሣሪያ ካገኘህ ጀምር። በተመሳሳይ ዋጋ ጥሩ ባለ 4 እና ደካማ ባለ 5 ከቀረበልህ ግን ባለ 4ቱን ውሰድ። ደካማ ባለ 5 ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው ቢ ክር ነው።

ቤዝ ዘጣና

በጣም አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ከሎው ከቷ ጀምሬ ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። ልገዛው ወስኛለሁ። ነገ ልጁ ጋ ሄጄ አየዋለሁ። ምን ምን ልይ?

የሽምብጡ ቤዚስት

መጀመሪያ ሳትሰካው ምታው። ኢ ክርን ባዶውን ምታ። ቀጥለህ ቢ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያንኑ ኢ ምታ። ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው። የቢው ኢ ከባዶው ኢ ጋር ተቀራራቢ ጥንካሬ ካለው መሣሪያው ጥሩ ነው። ልፍስፍስ ካለ፣ “ዱብ” ብሎ ከጠፋ፣ ወይ ክሩ አርጅቷል ወይ ኔኩ ደካማ ነው። አዲስ ክር ይዘህ ሂድና አስገብተህ ሞክር።

ከዚያ ቱነር (መቃኛ) ላይ 12ኛ ፍሬት ያለውን ሃርሞኒክ (ክሩን ሳትጫን ነካ አርገህ የምታወጣውን ድምፅ) እና ተጭነህ የምታወጣውን ድምፅ አወዳድር። ቢ ክር ላይ ልዩነት ካለ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ያለው ሳድል፣ ማለትም የክሩ ማረፊያ፣ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ መቅረቱን እይ። እስከ መጨረሻው ሄዶ ካለቀና አሁንም ከፍ ካለ ተወው።

ኔኩን ለማየት ወፍራሙን ክር በአንድ እጅህ 1ኛ ፍሬት ላይ፣ በሌላው የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫን። 7ኛ ወይም 8ኛ ፍሬት ጋ ክሩና ፍሬቱ መካከል ስስ ክፍተት መኖር አለበት። የቪዚቲንግ ካርድ ውፍረት ያህል። ጭራሽ ከሌለ፣ ወይም በጣም ከሰፋ፣ ከውስጥ ያለው ብረት በቁልፍ ይስተካከላል። ብረቱ መዞሩን አረጋግጥ። የማይዞር ከሆነ አትግዛ። ይሄን በተለይ እዚህ ባሕር ዳር ልብ በል። በጋውን የደረቀ እንጨት ክረምት ሲገባ እርጥበት ይስባል፤ ኔኩ ይንቀሳቀሳል። ያንን ብረት በዓመት ሁለቴ መንካትህ አይቀርም።

ርዝመቱንም ለካ፤ ከነት እስከ ብሪጅ። ብዙዎቹ 34 ኢንች ናቸው፤ 86 ሴንቲ ሜትር ያህል። 35 ኢንች የሆኑም አሉ። ረጅሙ ላይ ቢ ክር ይበልጥ ይወጠራል፤ ነቱ አጠገብ ያሉት ፍሬቶች ግን ትንሽ ይራራቃሉ።

ሳውንድማን

ባትሪ የሚወስድ ከሆነ የ9 ቮልት ባትሪውን ክፈትና እይ። ፈስሶ ሽቦውን የበላው እንዳይሆን። መብራት ሲቆራረጥ ጄኔሬተር ላይ የሚጮኽ ከሆነም ክሮቹን በእጅህ ያዝ፤ ስትይዛቸው ጩኸቱ ከቀነሰ መጀመሪያ አርዙን አስፈትሽ።

ቤዚስቷ

ማንገቻውን አትርሳ። ባለ 5 ጫፉ ከባድ ነው፤ ስስ ናይለን ላይ ኔኩ ወደ መሬት ይወርዳል፤ አንተም በግራ እጅህ ስትደግፈው ትደክማለህ። ሰፊ፣ ከውስጥ ሻካራ የሆነ ቆዳ አሠራ። ገበያ ያሉ ቆዳ ሠሪዎች ልኩን ከሰጠሃቸው ይሠሩልሃል።

ቤዝ ዘጣና

ገዛሁት! 34 ኢንች ነው፤ ብረቱም ይዞራል። ቢ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ኢን ስመታ ደረቴ ላይ ተሰማኝ። ከኪቦርዲስታችን ጋርም ተነጋገርን። ልምምድ ላይ ግራ እጁን አነሳ፤ ዘፋኟ ዘወር ብላ አየችን። “ዛሬ ምንድነው የተለየው?” አለች።

አንድ ነገር ብቻ። አብሮት የመጣው ቢ ክር ውፍረቱ 125 ነው። 130 አስገብቼ ነቱ ላይ አልገባ አለኝ፤ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። 1ኛ ፍሬት ላይ ስጫነው ድምፁ ከፍ ይላል። ነቱን ልሞርደው ወይስ ወደ 125 ልመለስ?

የሽምብጡ ቤዚስት

ለጊዜው 125ቱን መልስና ተጫወትበት። ነት ከተሞረደ አይመለስም፤ ጥልቀቱ ካለፈ ባዶው ክር ፍሬቱን እየነካ ይንዛረዛል። 125 ካላረካህ ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ ኔኩ ቦታውን ሲይዝ፣ ያኔ እንሞርደዋለን። ሞረዱ እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ሥራ ከመሄድህ በፊት ደግሞ ክሩን በእጅህ ሳብ ሳብ አርገህ ደጋግመህ ቃኘው፤ አዲስ ወፍራም ክር በመጀመሪያው ቀን ይለቃል።